በሚኒያፖሊስ ሲዳር ሪቨርሳይድ ያለ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሰፈሩ ያሉ ወገኖች ስለ ሉተራኖቹ ከሚጠይቁት የሚበዛውን እነሆ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሉተራን ማለት ጴንጤ ማለት ነው?

በእኛ አነጋገር ኦርቶዶክስም ካቶሊክም ያልሆነ ክርስቲያን ሁሉ «ጴንጤ» ነው። በዚያ ከሄድን፣ አዎ። ግን እሁድ ጠዋት ጎራ ቢሉ የሚያዩት ከጠበቁት ይለያል። ቄሱ ነጭ ቀሚስ ለብሶ ይቆማል። በአንገቱ የሚያደርገው የክህነት ልብስ እንደ ወቅቱ ቀለሙ ይለዋወጣል። ሻማ ይበራል። ጸሎቱ ተራውን ጠብቆ የተጻፈ ነው፤ ሕዝቡም እየተቀበለ ይመልሳል። ሕፃናት ይጠመቃሉ። የሚጮህ ወይም መንፈስ ሞልቶት የሚወድቅ ሰው ብዙም አያጋጥምዎትም።

መነሻው ማርቲን ሉተር ነው። ጀርመናዊ መነኩሴና የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ነበር። በ1517 የኃጢአት ቅጣት በገንዘብ ይቀልላል የሚለውን ንግድ የሚቃወሙ 95 ነጥቦች አወጣ። ዋና ነገሩ ሰው የሚጸድቀው በጸጋ፣ በእምነት ነው፤ በሥራው ብዛት አይደለም የሚል ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክተን ጋር ስለ እምነት ተወያይቷል። ትውውቃችን የትናንት አይደለም።

ከመካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ነው?

መነሻቸው አንድ ነው፤ አስተዳደራቸው ለየብቻ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 የተቋቋመች ስትሆን፣ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ምዕመናን አሏት። ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ሰው እዚህ የሥርዓቱን ቅርጽ ቶሎ ይለየዋል። የሚናፍቀው መዝሙሩንና የጸሎቱን ርዝመት ይሆናል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሉተራን ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይወቁ። ትልቁ ክፍል የአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢ.ኤል.ሲ.ኤ. የሚባለው ነው፤ በ1988 ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ተዋህደው ሥራ የጀመረ። ሁለተኛው በ1847 የተመሠረተው የሚዙሪ ሲኖዶስ ነው፤ ይህኛው ጠበቅ ያለ ነው። ሴት ቄስ አይሾምም፤ ለቁርባንም በአብዛኛው የራሱን ምዕመናን ብቻ ይጋብዛል። ከታች የምጽፈው ስለ መጀመሪያው ነው። በር ላይ ያለው ሰሌዳ ሁለቱንም «ሉተራን» ስለሚል የየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነውር የለውም።

የሲዳር ሪቨርሳይዱ ማኅበረ ምዕመናን የትኛው ነው? ሕንፃውን ፈልጌ አጣሁት።

ትሪኒቲ ሉተራን ይባላል። ሕንፃውን ያጡት የራሱ ሕንፃ ስለሌለው ነው። በ1868 የኖርዌይና የዴንማርክ ስደተኞች መሠረቱት። በዚያ ዘመን ሰፈሩ የስካንዲኔቪያ መጤዎች ሰፈር ነበር፤ በሲዳር ጎዳና ሲኬድ ከእንግሊዝኛ ይልቅ የእነሱ ቋንቋ ይሰማ ነበር። ከዚያ ትልቁ የአይ 94 አውራ ጎዳና መጣና ሰፈሩን ቆርጦ አለፈ። በ1966 ቤተ ክርስቲያኑ ለመንገዱ ሲባል ፈረሰ።

ብዙ ማኅበረ ምዕመናን በእንዲህ ያለ ጊዜ የካሳውን ገንዘብ ይዘው ወደ ከተማ ዳር ሄደዋል። ሣር ያለበት ሰፊ ግቢ፣ በቂ የመኪና ማቆሚያ። ትሪኒቲ ግን አልሄደም። እዚያው ሰፈር ቀርቶ አምልኮውን በጎረቤቱ በኦግስበርግ ኮሌጅ ያደርግ ጀመር። ኮሌጁ ከ2017 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ስለዚህ መስቀል ያለበት ረጅም ጉልላት አይፈልጉ። ቦታውንና ሰዓቱን አስቀድመው ደውለው ያረጋግጡ፤ በተለይ በበጋና በበዓላት ሰሞን።

በእኔ ግምት ይህ ማኅበረ ምዕመናን ከሌሎቹ የሚለየው በዚህ ውሳኔው ነው። ከታች ያሉትን ብዙዎቹን መልሶች የሚያስረዳውም እሱ ነው፤ አንድ ጉባኤ ሕንፃውን ተነጥቆ ሰፈሩን ካልለቀቀ፣ ሥራው ከሰፈሩ ሰው ጋር ይሆናል ማለት ነው።

ሰፈሩ እኮ በአብዛኛው ሙስሊም ነው። እዚያ ምን ይሠራሉ?

ጎረቤት ናቸው። ከ1973 ጀምሮ በሰፈሩ ቆመው ያሉት ባለ ቀለም ፎቆች፣ ሪቨርሳይድ ፕላዛ የሚባሉት፣ 1,300 ያህል መኖሪያዎች አሏቸው። ሶማሊያ በ1991 ከፈረሰች በኋላ የመጡ ቤተሰቦች፣ ኦሮሞዎችና ሌሎች ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ተማሪዎችና አሮጌ ነዋሪዎች እዚያና በዙሪያው ይኖራሉ። ትሪኒቲ ለሰፈሩ ልጆች የቤት ሥራ እገዛ ሲሰጥ ቆይቷል፤ በሲዳር ጎዳና ካለው ከዳር አል ሂጅራ መስጊድ ጋርም አብሮ ይሠራል።

«ታዲያ ልጆቻችንን ሊለውጡብን ነው?» የሚል ወላጅ ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚቆይ ሉተራን ቄስ በክፍልፋይ ስሌት መካከል ስብከት ካስገባ በሁለተኛው ሳምንት ልጅ የሚልክለት እንደሌለ ያውቃል። ጥርጣሬ ካለዎት ልጅዎን ይዘው ይሂዱና ጥግ ይዘው ይቀመጡ። የሚከለክልዎት ካለ ያን ጊዜ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።

እሁድ ብሄድ ምን ይገጥመኛል?

በር ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይሰጥዎታል፤ የዕለቱ ሥርዓት በሙሉ እዚያ ላይ አለ። ጫማ አይወለቅም። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ነጠላ ቢለብሱ ደስ ይላቸዋል፤ በጂንስ ቢሄዱም ዞር ብሎ የሚያይዎት የለም። ቀዩ መጽሐፍ የመዝሙርና የጸሎት መጽሐፋቸው ነው። መሐል ላይ ሁሉም ተነስቶ እየተዟዟረ «ሰላም» እየተባባለ ይጨባበጣል። ሥርዓቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሦስትና አራት ሰዓት መቆም የለመደ ሰው «አለቀ እንዴ?» ይላል።

ሲያልቅ እንዳይሮጡ። ቡና አለ። የሚኒሶታ ሉተራን ቡና ከበረካ ይቀጥናል፤ ግን ከዚህች ቡና ላይ ነው ሰው ስምዎን የሚጠይቀው፣ ሥራ የሚጠቁመው፣ ልጅዎ የሚማርበትን ትምህርት ቤት የሚያውቅ ሰው የሚያገናኝዎት።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ምን ላድርግ?

ወረቀቱን ይዘው ቢሄዱ ይከተሉታል፤ በየሳምንቱ ብዙው ቃል ያው ስለሆነ ከወር በኋላ ይለመዳል። የዕለቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ቀድሞ የሚታወቅ ነው፤ ምዕራፉን አይተው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቤትዎ አንብበው ይሂዱ። ጸሎተ ሃይማኖቱና «አባታችን ሆይ» ሲደርስ በራስዎ ቋንቋ ይበሉት። በእንዲህ ያለ ጉባኤ አባታችን ሆይን በየቋንቋው አንድ ላይ ማድረስ የተለመደ ነው።

እርዳታ ለማግኘት አባል መሆን አለብኝ?

የለብዎትም። ምግብ፣ የልብስ ስጦታ፣ የቤት ሥራ እገዛ የሚሰጥ ማኅበረ ምዕመናን «አባል ነህ ወይ?» ብሎ አይጀምርም። ግን አቅሙን ይወቁ። የመሐል ከተማ ጉባኤ ብዙ ጊዜ አንድ ቄስና ጥቂት የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች ናቸው ያሉት። የወር ኪራይ በሙሉ ይክፈሉልኝ ማለት አያዋጣም። «የመብራት ሒሳብ ሊቆረጥብኝ ነው፤ የት ልሂድ?» ማለት ያዋጣል፤ ስልክ የሚደውሉበትን ሰው ያውቃሉና።

ከበድ ያለውን ጉዳይ የሚሠሩት ትልልቆቹ ድርጅቶች ናቸው። በሚኒሶታ የሉተራን ማኅበራዊ አገልግሎት አለ። በአገር ደረጃ ደግሞ ከ1939 ጀምሮ ስደተኞችን ሲያሰፍር የኖረው የሉተራኖች ድርጅት አለ፤ ከ2024 ወዲህ ግሎባል ሪፊዩጅ ይባላል። በጥር 2025 መንግሥት የስደተኞችን ቅበላ ካቆመ በኋላ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሥራቸው በጣም ተጎድቷል። ስለዚህ የትናንቱን ወሬ ሰምተው አይሂዱ፤ ደውለው ይሂዱ።

የኢሚግሬሽን ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቄስ ስለ እርስዎ የሚያውቀውን በደብዳቤ ሊጽፍልዎ ይችላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚመጡ፣ በምን እንደሚያገለግሉ። ያላየውን አይጽፍም፤ ይጻፍልኝ ብለውም አያስጨንቁት። ደብዳቤው ደግሞ ጠበቃን አይተካም።

አስራት ግዴታ ነው?

አይደለም። ሙዳየ ምጽዋት ይዞራል፤ የፈለጉትን ይጥላሉ፤ ምንም ባይጥሉም ያሳልፉታል። አባላት በዓመት ምን ያህል ለመስጠት እንዳሰቡ በወረቀት ይጽፋሉ፤ በጀት የሚሠራው በዚያ ነው። ካልሞላልዎ ቤትዎ ድረስ የሚመጣ የለም። በስምዎ የሰጡት ይመዘገባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ለግብር የሚሆን ደረሰኝ ይላክልዎታል።

እንዴት አባል ይኮናል?

ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ መሸኛ ደብዳቤ ያመጣሉ። ደብዳቤ ከሌለዎት ከቄሱ ጋር ተነጋግረው በጉባኤው ፊት እምነትዎን ይመሰክራሉ። ያልተጠመቀ ይጠመቃል። በመካከሉ ጥቂት የትምህርት ቀናት ይኖራሉ፤ እንደየቦታው ነው።

ድምፅ መስጠት ግን ሌላ ነው። በእነሱ ደንብ ድምፅ ያለው አባል ማለት፣ ባለፈው ወይም በያዝነው ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የቆረበና መጠኑ ምንም ይሁን ምን በስሙ የተመዘገበ ስጦታ የሰጠ ነው። አምስት ዶላርም ትበቃለች። ብዙ ወገኖቻችን ለዓመታት እየሄዱ ጥሬ ገንዘብ ያለ ፖስታ ስለሚጥሉ ስማቸው የትም አይገኝም። ስብሰባው ቀን እጃቸውን ሲያወጡ መዝገቡ አያውቃቸውም። ስምዎን ፖስታው ላይ ይጻፉ።

ቄሱን ማን ይሾመዋል? ሴት ቄስስ?

ጳጳስ አለ፤ ግን ከላይ ሰው መድቦ አይልክም። ማኅበረ ምዕመናኑ አንድ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ኮሚቴው ከሲኖዶሱ፣ ማለትም ጳጳሱ ከሚመራው የአካባቢ አስተዳደር፣ ዕጩዎች ይቀበላል፣ ያነጋግራል፣ ሲሰብኩ ይሰማል። በመጨረሻ ጠቅላላ ጉባኤው በድምፅ ይወስናል፤ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልጋል። ነገሩ አንድ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። «ቄስ ሄደ፣ ሌላ አልመጣም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ነው» የሚለው ወሬ የሚነሳው በዚህ ክፍተት ነው።

ሴት ቄስ ከ1970 ጀምሮ አለ። ከ2013 እስከ 2025 የመላው ቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ጳጳስም ሴት ነበሩ። ይህ የሚከብድዎት ከሆነ ሳይሄዱ በፊት ይወቁት። የዕለቱ ሰባኪ ሴት ስትሆን ተነስቶ መውጣት አያምርም።

ኦርቶዶክስ ነኝ። እዚያ መቁረብ እችላለሁ? እንደገና ያጠምቁኛል?

እንደገና አያጠምቁም። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀ ሰው ለእነሱ ተጠምቋል፤ አለቀ። የ40 እና የ80 ቀን ጥምቀትዎን ሙሉ አድርገው ይቀበሉታል።

ቁርባን ላይ ሁለት መልስ አለ። የእነሱ በር ክፍት ነው፤ የተጠመቀን ክርስቲያን ይጋብዛሉ። ሉተራኖች ክርስቶስ በኅብስቱና በወይኑ በእርግጥ አለ ብለው ያምናሉ፤ መታሰቢያ ብቻ ነው አይሉም። የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ግን አትፈቅድም። የንስሐ አባትዎን ቢጠይቁ መልሳቸው «አይሆንም» ነው። ሁለቱን ሳይቃረኑ ማለፍ ይቻላል፤ ሲደርስዎ እጆችዎን ደረትዎ ላይ አመሳቅለው ቢቀርቡ ቄሱ ባርከው ያሳልፉዎታል። ቦታዎ ላይ ቢቀመጡም የሚገርመው የለም። «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ግን አይቁረቡ።

አዳራሹን ለአማርኛ ጉባኤያችን ይሰጡናል?

ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ፣ የራሳቸው ሕንፃ ካላቸው። በአሜሪካ ከተሞች ብዙ የእኛ ጉባኤዎች፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም፣ በእንዲህ ያለ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ከሰዓት በኋላ ነው የጀመሩት። በኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ሕንፃው የማኅበረ ምዕመናኑ ነው፤ ስለዚህ የሚወስነው የአባላቱ ምክር ቤት እንጂ ቄሱ ብቻውን አይደለም። ቄሱ ፈገግ ብሎ «ደስ ይለናል» ስላለ ተፈቀደ ብለው ወንበር አይግዙ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ሰዓቱን ሲጽፉ በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ያስምሩበት። እኛ «10 ሰዓት» ስንል ከሰዓት በኋላ ማለታችን ነው፤ እነሱ ጠዋት ይጠብቃሉ፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ጉባኤ በአንድ በር ላይ ተገናኝቶ ያውቃል። የኢንሹራንስ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ይህ እናንተን ስለማያምኑ አይደለም፣ የእነሱ ኢንሹራንስ ስለሚያስገድዳቸው ነው። ቁልፍ የሚይዙት ሰዎች ስማቸው ይታወቅ። ማንቂያ ደወሉን የሚያጠፋና የሚያበራ አንድ ሰው ይመደብ፤ ደወሉ በስህተት ጮኾ ፖሊስ ወይም እሳት አደጋ ከመጣ ቅጣቱን ማን ይከፍላል የሚለውም ይጻፍ።

ዕጣን የምታጨሱ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ የጢስ መቆጣጠሪያውን ማስተካከል የሚቻልበት ቦታ አለ፣ የማይቻልበትም አለ። ታቦት ካላችሁ የሚቆለፍና ሌላ ሰው የማይገባበት ክፍል ያስፈልጋችኋል፤ ይህን ከመጀመሪያው ግልጽ ካላደረጋችሁ ቅዳሜ ማታ ጽዳት ሠራተኛው መጥረጊያ ይዞ ይገባል። የትንሣኤ ሌሊት እስከ ዶሮ ጩኸት እንደምንቆይ ሉተራኖቹ አያውቁም። ቀኑም ከእነሱ ፋሲካ ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። በጥር ላይ ሄዳችሁ ቀኑን አስይዙ፣ ከበሮ እንዳለም ንገሯቸው፤ ጎረቤት ለፖሊስ ሲደውል ተከላካይ እንዲሆኗችሁ።

ጠቡ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚነሳው ከማዕድ ቤት ነው። ሽንኩርትና በርበሬ ሲቁላላ ሽታው ምንጣፉ ውስጥ ገብቶ እስከ ማክሰኞ ይቆያል። የእነሱ አሮጊት እናቶች ለ40 ዓመት ያቺን ማዕድ ቤት እንደ ራሳቸው ጓዳ የያዟት ናቸው፤ ድስት ቦታው ካልተመለሰ ያያሉ። ወጡን ቤት ሠርቶ ማምጣት፣ ሲያልቅ ወለሉን ማጠብ፣ በወር አንድ ቀን ደግሞ እነሱን ጋብዞ ማብላት። ይህን ያደረገ ጉባኤ ኪራይ ሲጨመርበት አላየሁም።

የተመሳሳይ ፆታ ነገርስ? መካነ ኢየሱስ ከእነሱ ጋር የተለያየችው በዚህ አይደል?

አዎ፣ በዚህ ነው። በነሐሴ 2009 የኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ጠቅላላ ጉባኤ እዚሁ ሚኒያፖሊስ ተሰብስቦ፣ ከተመሳሳይ ፆታ ሰው ጋር በዘላቂ ትስስር የሚኖሩ ሰዎች ቄስ ሆነው እንዲያገለግሉ የሚፈቅድ ውሳኔ በ559 ለ451 ድምፅ አሳለፈ። በዚያው ሳምንት አውሎ ነፋስ መሐል ከተማውን መትቶ ከስብሰባው አጠገብ ያለውን የሴንትራል ሉተራን ጉልላት ጎዳው። «ምልክት ነው» ያሉ ነበሩ፤ «አየር ንብረት ነው» ያሉም ነበሩ። ድምፁ ግን ተሰጠ። ብዙ ማኅበረ ምዕመናን ከዚያ በኋላ ለቀው ወጡ። መካነ ኢየሱስም በ2013 ከኢ.ኤል.ሲ.ኤ.ና ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች።

በተግባር ምን ማለት ነው? ውሳኔው ማንንም ማኅበረ ምዕመናን አያስገድድም። ቄሱን የሚመርጠውም፣ ጋብቻ ይፈጸም አይፈጸም የሚለውን የሚወስነውም የየቦታው ጉባኤና ቄስ ነው። ስለዚህ አንዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ ያያሉ፣ ሌላው ጋ አያዩም። የመሐል ከተማዎቹ ብዙዎቹ በግልጽ ይቀበላሉ። የመካነ ኢየሱስ አባል ሆነው እዚያ መጸለይ የሚከለክልዎት ሕግ የለም፤ ግን ቄስ ወይም አገልጋይ ከሆኑ የራስዎን ሲኖዶስ ሳይጠይቁ አብረው ቅዳሴ አይምሩ። ጣጣ ያመጣል።

ይህን ጥያቄ ከቡናው ላይ ማንሳት ይቻላል፤ ይመልሱልዎታል። ለመከራከር ከመጡ ግን የሚኒሶታ ሰው አይከራከርም። ፈገግ ብሎ ኩኪስ ያቀርብልዎታል።

ሰው እየቀነሰባቸው ነው ይባላል። ቢዘጋ ንብረቱ የማን ይሆናል?

መቀነሱ እውነት ነው። ኢ.ኤል.ሲ.ኤ. ሲጀምር ከ5 ሚሊዮን በላይ አባላት ነበሩት፤ አሁን ከ3 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የአውሮፓ ስደተኞች የልጅ ልጆች ወደ ከተማ ዳር ሄደዋል፣ ወይም መሄዱን ትተዋል። የመሐል ከተማ ሕንፃ ደግሞ ጣሪያውና ማሞቂያው ብቻ ጥቂት ሽማግሌዎች የሚችሉት ወጪ አይደለም።

አንድ ማኅበረ ምዕመናን በራሱ ድምፅ ሲፈርስ ቀሪው ንብረት ወደ ሲኖዶሱ ይሄዳል። ተከራይ ሆኖ ለ10 ዓመት የቆየ የእኛ ጉባኤ በዚህ የተነሳ ብቻ ባለ መብት አይሆንም። አንዳንድ ጊዜ ሲኖዶሱ ቤቱን ለተከራዩ ጉባኤ በመጠነኛ ዋጋ ይሸጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ለመኖሪያ ቤት ሠሪ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ካላችሁ የመሸጫ ሰሌዳ እስኪተከል አትጠብቁ። ምክር ቤታቸው የዓመቱን በጀት የሚያቀርብበትን ስብሰባ ቀን ጠይቁና አንድ ሰው ልካችሁ አስቀምጡ። በጀቱ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከመጠባበቂያው እየተቀነሰ ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ የሲኖዶሱን ቢሮ ቀጠሮ ጠይቁ።